ያልተገጠመ የጊታር ክር ስንት ዓመት ይቆያል?

ጥያቄ፦ የሙዚቃ ክበብ አስተባባሪ (ቡሬ)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ። ቡሬ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ የማስተባብር መምህርት ነኝ። ክበባችን ጥቂት ቦክስ ጊታሮች፣ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታርና አንድ ባለ ናይለን ጊታር አሉት። መሣሪያው ባይጠፋም ክር ሁልጊዜ ይቸግረናል፤ አንዲት ቀጭን ክር በተበጠሰች ቁጥር ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ድረስ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል።

በዚህ ሰሞን የዕቃ ክፍሉን ስናስተካክል ከመደርደሪያው ሥር ያልተገጠመ የጊታር ክር የሞላበት ካርቶን አገኘን። ከእኔ በፊት ክበቡን ይመሩ የነበሩት መምህር እንደነገሩኝ፣ ክሩ ከውጭ አገር በስጦታ የተላከ ሲሆን ከመጣ አሥር ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ዓይነት አስተሻሸግ አየሁ። አንደኛው ስድስቱም ክሮች በአንድነት ተጠቅልለው ዙሪያው በተጣበቀ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያሉበት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ክር በየራሱ የወረቀት ፖስታ ገብቶ፣ ስድስቱ ፖስታዎች በስስ ላስቲክ የተሸፈኑበት ነው፤ ከእነዚህ የአንዳንዶቹ ላስቲክ ተቀድዷል። የቀሩት ያለ ምንም ማሸጊያ ከካርቶኑ ግርጌ የተበተኑ ናቸው። ከተበተኑት መካከል ቡናማ ነጠብጣብ ያወጡ አሉ፤ የባለ ናይለኑ ጊታር ወፍራም ክሮች ደግሞ ብርማ መልካቸውን ለቀው ጠቁረዋል።

አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ክር ሁሉ መጣል አለበት ብሎኛል፤ የክበቡ ልጆች በበኩላቸው «ብረት ምን ይሆናል?» ብለው ዛሬውኑ ሊገጥሙት ይፈልጋሉ። ለመሆኑ ያልተገጠመ ክር የአገልግሎት ዘመን አለው? ሁሉንም ፈትቼ ልለየው? የሚተርፈውንስ ክረምቱ ሳይገባ እንዴት ባስቀምጠው ይሻላል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታ ይሆንብኛል።

ምላሽ፦ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ዙሪያቸው የተጣበቁትን ከረጢቶች ለማየት ብለው እንዳይከፍቱ አደራ እላለሁ። በክር ማሸጊያ ላይ የማብቂያ ቀን ታትሞ የማያዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክር በመቆየቱ ብቻ አይበላሽም፤ የሚያበላሸው አየርና እርጥበት ነው። ስለዚህ ዕድሜውን ከመቁጠር ይልቅ የት እንደቆየና በምን ተሸፍኖ እንደቆየ መመርመር ይሻላል። አየር የማያስገባውን ከረጢት በከፈቱበት ቀን ክሩ ማርጀት ይጀምራል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ከፍቶ መለየት ማለት እስከ ዛሬ የተጠበቀውን ሁሉ በሰኔ ዋዜማ ለእርጥበት አሳልፎ መስጠት ነው።

ተገጥሞ የሚሠራበት ክር ድምፁ የሚደክመው የእጅ ላብና ቅባት በጥቅልሉ መካከል ስለሚገባ፣ ፍሬቱን (በጊታሩ አንገት ላይ የተጋደመውን ቀጭን ብረት) የሚነካበት ቦታ ስለሚጎደጉድ፣ እንዲሁም ዘወትር ሲወጠርና ሲረግብ ብረቱ ስለሚዝል ነው። ያልተገጠመው ከእነዚህ አንዱም አይደርስበትም። የሚያሰጋው ዝገትና መጥየም ብቻ ነው፤ ይህም እንደ ክሩ ዓይነት ይለያያል።

ቀጫጭኖቹ ልሙጥ ክሮች ካርቦን የበዛበት ጠንካራ የብረት ሽቦ ሲሆኑ፣ ላያቸው አብዛኛውን ጊዜ በቲን በስሱ የተለበጠ ነው። ወፍራሞቹ በውስጣቸው ያው ዓይነት ሽቦ ኖሮ ላዩ በሌላ ሽቦ የተጠቀለለ ነው። ለኤሌክትሪክ ጊታር የሚጠቀለለው በአመዛኙ በኒኬል የተለበጠ ብረት ነው፤ ይህ በመደርደሪያ ላይ ብዙ ይታገሣል። ለቦክስ ጊታር የሚጠቀለለው ወይ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ዚንክ ያለበት፣ ወይም ዳዳሪዮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ለጊታር ያስተዋወቀው ፎስፈር ብሮንዝ ነው፤ ፎስፈር ብሮንዝ 92 በመቶ ያህል መዳብ፣ 8 በመቶ ያህል ቲንና እጅግ ጥቂት ፎስፎረስ አለበት። የመጀመሪያው አዲስ ሲሆን ወርቃማ ነው፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ነገር ግን ቶሎ ይጠይማል። ቀላ ያለው ፎስፈር ብሮንዝ ይዘገያል። እንደ ኤሊክሰር ኩባንያ ክሮች ያሉት ደግሞ ላያቸው በስስ የፕላስቲክ ዓይነት ሽፋን ስለተለበሰ ከሁሉም ይቆያሉ፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው።

ወደ ካርቶኑ ልመለስ። በተጣበቀ ከረጢት ያሉት፣ ከረጢቱ ካልተበሳ፣ አሥር ዓመት ቢያልፋቸውም እንደ አዲስ ይገጠማሉ። መበሳቱን ሳይከፍቱ ለማወቅ ከረጢቱን በሁለት መዳፍዎ መካከል አድርገው ቀስ ብለው ይጫኑት፤ በውስጡ ያለው አየር እንደያዘ የሚቆይ ከሆነ ደኅና ነው፤ እየተነፈሰ የሚሟሽሽ ከሆነ ከወረቀቶቹ ጋር ይመድቡት። ዳዳሪዮ ክሮቹን በየወረቀቱ ሳይከት በየጫፋቸው ያለችውን ትንሽ ቀለበት በቀለም ስለሚለይ፣ የተበተኑትን ለማወቅም ይረዳዎታል፤ ከቀጭኑ ጀምሮ ብርማ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ በመጨረሻም የናስ መልክ ነው።

ዋናው ጥርጣሬ የወረቀት ፖስታው ላይ ነው። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣውንም ከብረቱ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። ክሩን ሲያወጡ ከቀለበቱ በኩል ይያዙትና መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ይዩት። ልሙጡን ክር በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ቆንጥጠው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሳቡት። ጨርቁ ላይ ግራጫ ጭረት ብቻ ከወጣ የብረት እድፍ ነው፤ አያሳስብም። ቡናማ ከወጣ ግን ዝገት ነው። ያን ጊዜ ክሩን በጥፍርዎ ጫፍ ላይ ያንሸራቱት፤ ጥፍርዎን የሚያቆም ጉድጓድ ካገኙ ያ ክር አይገጠምም። ቀለበቱ ላይ የተገመደበትንና በፖስታው ጥግ ጠበብ ብሎ የታጠፈበትን ቦታ በተለይ ይመልከቱ፤ ሲወጠር ቀድሞ የሚበጠሰው ከዚያ ነው። የተጠቀለለውን ክር ደግሞ ጥቂት ለመጥ አድርገው በጥቅልሉ መካከል ይዩ። ላዩ መጥየሙ ብቻ አያስጥለውም፤ አረንጓዴ ዱቄት ወይም ከጥቅልሉ ሥር ብቅ ያለ ቡናማ ነገር ካለ ግን ውስጡ መዛግ ጀምሯል።

ይህን ፈተና ያለፈውን ሲገጥሙ ፊትዎን ራቅ አድርገው ቀስ እያሉ ያጥብቁ። ውፍረቱ 0.010 ኢንች፣ ማለትም ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው የኤሌክትሪክ ጊታር ቀጭን ክር ቅኝቱ ላይ ሲደርስ ከ7 ኪሎ የሚበልጥ ጉተታ ይሸከማል፤ ከዚህ ቅጥነት ላይ ዝገት የሚበላው ጥቂትም ቢሆን ጥቂት አይባልም። ከተቃኘ በኋላ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ ነካ በማድረግ የሚወጣውን ድምፅ፣ እዚያው ተጭነው ከሚያወጡት ድምፅ ጋር ያስተያዩ። ሌሎቹ ክሮች ተስማምተው እርሱ ብቻ ከሳተ፣ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አይደለም ማለት ነው። በእኔ እምነት ከመበጠሱ የሚከፋው ይህ ነው፤ የተበጠሰ ክር ይጣላል፣ የማይቃና ክር ግን የጀማሪን ጆሮ ሲያጣምም ይከርማል።

የናይለኑ ነገር ቀላል ነው። ሦስቱ ልሙጥ ክሮች አይዝጉም፤ ከፀሐይ ከተጠበቁ ዓመታት አያስፈሯቸውም። የጠቆሩት ወፍራሞቹ በውስጣቸው ቀጫጭን የናይለን ጭረቶች ኖረው፣ ላያቸው በብር በተለበጠ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ነው። ጥቁረቱ የአንገት የብር መስቀል ሣጥን ውስጥ ሲከርም የሚይዘው ዓይነት ነው፤ ድምፁን ጥቂት ያደበዝዘዋል እንጂ ክሩን አያስጥለውም። እንደ መስቀሉ በአመድ እወለውላለሁ እንዳይሉ ብቻ፤ የብሩ ልባጥ እጅግ ስስ ስለሆነ አብሮ ይነሣል።

ነጋዴው ያለው የሁለት ዓመት ደንብ በመስታወት ውስጥ ፀሐይ እየመታው ለተሰቀለ የወረቀት ፖስታ ከሆነ አልፈርድበትም። ለታሸገው ግን አይሠራም።

ምላሽ፦ የቤዝ ጊታር ተጫዋች (ዳንግላ)

ጠጋኙ ወንድማችን በሰጡት ማብራሪያ እስማማለሁ። አንድ የምጨምረው አለኝ። ዳንግላ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዕቃው ሁሉ ይሻግታል። እኔ ትርፍ የቤዝ ክር ሳስቀምጥ በልብስ ስፌት ማሽን ዘይት አሽቼ በፌስታል እጠቀልለዋለሁ፤ እስካሁን የዛገብኝ የለም። በተለይ ላዩ ጠፍጣፋ በሆነ ሽቦ የተጠቀለለው የቤዝ ክር መጀመሪያውኑ ደፈን ላለ ድምፅ ስለሚፈለግ፣ ቢጠይምም ቢቆይም ግድ የለኝም። ዋጋውን ላሰበ ሰው የቤዝ ክር የሚጣል ነገር አይደለም።

ከዚህ ሌላ ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ክሩን ሩዝ ውስጥ ቅበረው፣ ሌሎቹ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው ይሉኛል። የሚያውቅ ቢያብራራው እኔም እማራለሁ።

ምላሽ፦ የኬሚስትሪ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

የጊታር ሙያ የለኝም፤ ልጄ ስለሚጫወት ብቻ ክሩን አውቀዋለሁ። ስለ ዝገቱ ግን የምለው ይኖረኛል።

ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን ሁለቱም ሲገኙ ነው፤ አንዱን ከከለከሉት አይዝግም። ውኃ ስንል ጠብታ ማለታችን አይደለም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ከፍ ሲል፣ ዓይን የማያየው ስስ የውኃ ሽፋን በብረቱ ላይ ይቀመጣል፤ ዝገቱም ከዚያ በኋላ ይፈጥናል። በእኛ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም የቤት ውስጥ አየር ከዚህ በታች የሚሆንበት ሰዓት ጥቂት ነው። ጨው ካለበት ደግሞ ከዚህ ባነሰ እርጥበትም ይጀምራል፤ በጣት የተነካ ክር ጣቱ ባረፈበት ቦታ ብቻ ተለይቶ የሚዝገው በላብ ውስጥ ባለው ጨው ምክንያት ነው። ስለዚህ የተከፈተውን ክር ከጫፉ ይያዙ የተባለው ትክክል ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። የልሙጡ ክር ልባጥ ቲን ነው፤ ቲን ደግሞ እንደ ዚንክ አይደለም። የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚለበጠው በዚንክ ስለሆነ፣ ጥቂት ቢጫርም ዚንኩ ራሱን እያጠፋ ብረቱን ያድነዋል። ቲን ግን ሳይጫር ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ አንድ ቦታ ከተጫረ በዚያች ነጥብ ያለው ብረት ጭራሽ ቶሎ ይበላል። የኒኬልም ጠባይ ይኸው ነው። በነጠብጣብ የዛገ ክር ላዩ ሁሉ እያብረቀረቀ አንዲት ቦታ ላይ ጠልቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የመዳብ ቅይጥ ጥቅልል ባለው የቦክስ ጊታር ክር ደግሞ እርጥበቱ በጥቅልሉ መካከል ከገባ፣ ከመዳቡ ጋር ተነካክቶ ያለው የውስጥ ብረት ለብቻው ከሚሆነው በላይ ይጎዳል።

ስለ ፍሪጅ፦ አይደረግም። ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሞቃትና እርጥብ ክፍል ውስጥ የገባ ብረት ወዲያው ላብ ያወጣል፤ ፖስታው ውስጥ ከሆነም ወረቀቱ ይጠጣዋል። ያለ ፍሪጅም ቢሆን ይህ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ዕቃ የዓባይ በረሃን ሙቀት አልፎ ደጀን ላይ ወደ ብርዱ ሲወጣ፣ ያልታሸገው ማሸጊያ ውስጥ የገባው አየር ይቀዘቅዛል። ከመንገድ የመጣ ክር የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ሳይከፈት ቢቆይ መልካም ነው።

ስለ ሩዝ፦ ጥሬ ሩዝ ራሱ ተፈጥሯዊ እርጥበት ያለው እህል ነው፤ ክፍሉ እርጥብ ከሆነ እርሱም እርጥብ ይሆናል፤ ዱቄትና ነቀዝ ማምጣቱ ደግሞ ትርፍ ነው። ጨውማ ፈጽሞ አይቅረብ። የሚሠራው በአዲስ ጫማ ካርቶንና በቦርሳ ውስጥ በትንሽ ከረጢት የሚመጣው ሲሊካ ጄል ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሚጥለው ልጆቹ እንዲያሰባስቡ ቢያደርጉ አያጡትም። ሲጠግብ ግን ሥራውን ያቆማል። ፍሬውን ከከረጢቱ አውጥቶ ምግብ በማይሠራበት ብረት ምጣድ ላይ፣ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ቀላል ሙቀት አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት መልሶ ያደርቀዋል። ከከረጢቱ ጋር እንዳይሞቅ፤ ከረጢቱ ይቀልጣል። ሰማያዊ ሆኖ ሲጠግብ ወደ ሮዝ የሚለወጠው ዓይነት ኮባልት ስላለበት በእጅ ባይነካካ፣ ከልጆችም ቢርቅ ይመረጣል።

አቀማመጡም ቀላል ነው። ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ፣ በውስጡ ፖስታዎቹና የደረቀ ሲሊካ ጄል። ዕቃው ከግድግዳና ከመሬት ይራቅ፤ የጭቃም ሆነ የብሎኬት ግድግዳ ክረምት ላይ ይተነፍሳል። ኩበትና ከሰል ከሚነድበት ክፍልም ይራቅ፤ ብርንና መዳብን የሚያጠቁረው በጭሱ ውስጥ ያለው የሰልፈር ውሕድ ነው፤ የመምህርት ናይለን ክሮችም ምናልባት ያገኛቸው ይኸው ይሆናል።

ጠያቂዋ (ቡሬ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በተባለው መሠረት የተጣበቁትን ከረጢቶች ሳልከፍት እየተጫንኩ ለየኋቸው፤ አብዛኞቹ አየራቸውን ይዘዋል። የወረቀቶቹን ከልጆቹ ጋር ሆነን በጨርቁና በጥፍሩ ፈተንናቸው። ያገኘነው ነገር ግራ ያጋባል፤ ከአንዱ ስብስብ አንደኛውና ሁለተኛው ቀጭን ክሮች ዝገው፣ ወፍራሞቹ አራቱ ግን ጠይመው እንጂ ደኅና ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ዓይነት ወፍራም ክር ተርፎን ቀጭን ክር ጎደለን። ጎደሎውን ከሌላ ዓይነት ክር መሙላት ይቻላል? ከተበተኑት ውስጥ ደኅና የሆኑ የብረት ክሮችንስ ለባለ ናይለኑ ጊታር ብንጠቀምባቸው?

ምላሽ፦ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ (ባሕር ዳር)

ከኋለኛው ልጀምር፤ የብረት ክር በናይለን ጊታር ላይ በፍጹም እንዳይገጠም። የናይለን ክሮች ስድስቱ በአንድነት ጊታሩን የሚጎትቱት 40 ኪሎ ያህል ነው፤ የተለመደው የቦክስ ጊታር የብረት ክር ግን ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታል። የክሩ ማሰሪያ ከሣጥኑ ፊት ተገንጥሎ የመጣበት ጊታር ሲያጋጥመኝ፣ መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቀጭን ክር መጉደሉ ግን አያሳስብዎት። የተጠቀለሉት ክሮች በኤሌክትሪክና በቦክስ ጊታር ይለያያሉ፤ ልሙጦቹ ግን ለሁለቱም ያው በቲን የተለበጠ ብረት ናቸው፤ የሚለያዩት በውፍረት ብቻ ነው። የተለመደው የቦክስ ጊታር ስብስብ አንደኛው ክር 0.012፣ ሁለተኛው 0.016 ኢንች ነው። በኤሌክትሪኩ የተለመደ ስብስብ ውስጥ ልሙጦቹ ሦስት ሲሆኑ 0.010፣ 0.013 እና 0.017 ናቸው። ስለዚህ የኤሌክትሪኩ 0.013 ለቦክሱ አንደኛ፣ 0.017ቱ ደግሞ ለሁለተኛ ሊሆን ይችላል፤ ጣት ላይ ጥቂት ከረር ይላል እንጂ ይሠራል። ለጀማሪ ልጅ ጣት 0.010ን እንደ አንደኛ፣ 0.013ን እንደ ሁለተኛ ቢገጥሙ ይለሰልሳል፤ ድምፁ ግን ይሳሳል። ለዚህ ሲባል አንድ የታሸገ የኤሌክትሪክ ስብስብ ቢከፈት አይቆጨኝም፤ የቀሩትን ወፍራሞቹን በዚያው ሳምንት ኤሌክትሪኩ ላይ ይግጠሟቸው። ወደፊት ሲገዙም ቀጫጭኖቹ በነጠላ ስለሚሸጡ፣ ሙሉ ስብስብ ከማብዛት ይልቅ እነርሱን ደራርቦ መግዛት ያዋጣል።

ለዳንግላው ወንድሜ፤ በዘይት ማሸቱ ለልሙጥ ክር እንጂ ለተጠቀለለ ክር አይሆንም። ልሙጡ ላይ ጨርቅ ላይ የቀረች ጠብታ ያህል ይበቃል፤ ሲገጠምም ይጠረጋል። በጥቅልሉ መካከል የገባ ዘይት ግን አይወጣም፤ አቧራ ይሰበስባል፤ ክሩ ገና ሳይነካ ድምፁ ይታፈናል። እርስዎ ያልታወቀዎት መጀመሪያውኑ ደፈን ያለውን ድምፅ ስለሚወዱ ይመስለኛል። ለእርስዎ ይሁን፤ ለሌላው ግን አልመክርም።

ምላሽ፦ ክራር ደርዳሪ (ሞጣ)

ንግግራችሁ ከጊታር ወደ ክራር ቢሻገር አትቆጡኝም ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ዛሬ ክራር ላይ የናይለንም የብረትም ክር ይገጠማል፤ የጊታር ልሙጥ ክር ሲገኝ ደግሞ ተፈላጊ ነው። መምህርት ጫፉ የዛገ ብለው የሚጥሉት ካለ እኔ እወስደዋለሁ፤ ምክንያቱም የክራር ክር ከጊታሩ አጠር ስለሚል፣ ጫፍ ላይ ያለው ዝገት ተቆርጦ ቢወገድ ደኅናው መካከሉ ይበቃል።

የበገናው ነገር ግን ሌላ ነው። የአሥሩ አውታር ጅማት ከበግ አንጀት ስለሚሠራ፣ ዝገት ባያገኘውም ብልና አይጥ ያገኙታል፤ እርጥበት ያልመዋል፤ በጋ ደግሞ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። በነገራችን ላይ የናይለን ጊታር የምንለውም ቀድሞ በአንጀት ክር ነበር የሚሠራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀት ለቀዶ ሕክምና መስፊያ ስለተፈለገ እጥረት ሆነና ከጦርነቱ በኋላ ናይለን ቦታውን ያዘ። ጥያቄዬ፣ ትርፍ ጅማቱንና የብረት ክሩን በአንድ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ የሚል ነው።

ምላሽ፦ የኬሚስትሪ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ጋሼ፣ ለየብቻቸው ቢሆኑ ይሻላል። ለብረቱ የሚስማማው ከመጠን በላይ የደረቀ አየር አንጀቱን ያኮማትረዋል፤ ሲሊካ ጄል ያለበት ዕቃ ውስጥ የከረመ ጅማት ሲወጠር የሚሰበረው ስለዚህ ነው። ጅማቱን ሳያጥፉ ሰፋ ባለ ቀለበት ጠቅልለው፣ በወረቀት ሸፍነው፣ አይጥ የማይገባበት ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ሲሊካ ጄል ያስቀምጡት። ብረቱ በፕላስቲኩ ዕቃ ይሁን። የዛገውን ጫፍ ሲቆርጡም፣ በዓይን ከሚታየው ዝገት ሁለት ሦስት ጣት አልፈው ይቁረጡ፤ ከልባጡ ሥር የሄደው አይታይም።